ባለ መቶ ሻማው ዳኛ

የተቃጠለ የቴሌቪዥን ቦርድ የራሱ ሽታ አለው። እንደ ጎማ አይደለም፣ እንደ ፕላስቲክም አይደለም፤ ዓሣ ዓሣ የሚል፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። አንድ ጊዜ ያሸተተው አይረሳውም፤ እኔ ደግሞ ወጣትነቴን በሙሉ እሱን ስምግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው እሁድ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ዚንድሊንገን የሚባል ሰፈር፣ እህት ጽጌ ቤት በራፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ ያ ሽታ መጣና ፊቴን መታኝ። እግሬ ገና ኮሪደሩን ሳይረግጥ ልቤ አዲስ አበባ፣ ሰባራ ባቡር፣ ማስተር አሰፋ ሱቅ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ሰውነቱ ፌርማታ ላይ ባቡር ይጠብቃል፣ ሐሳቡ ያለ ትኬት ይሄዳል።

ነገሩ የተጀመረው የዚያኑ ቀን ጠዋት፣ አምልኮ ሲያልቅ ነው። የምናመልክበት አዳራሽ የኪራይ ስለሆነ ሰዓታችን ሲደርስ ወንበሩን ሁሉ አጣጥፈን፣ ግድግዳ ጥግ ደርድረን መውጣት አለብን፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ወሬ ሁሉ የሚወራው ወንበር እንደ ተሸከምን ነው። እህት ጽጌ አንዱን ወንበር ደረቷ ላይ አቅፋ መጣችና አጠገቤ ቆመች። ባሏ ተፈራ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጓደኛዬ ነበር፤ ፌኸንሃይም አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ዕቃ ሲያነሣ የኖረ፣ ቀልደኛ፣ ተከራካሪ፣ ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው። «ጋሽ በላቸው፣ ድሮ አገር ቤት ቴሌቪዥን ይሠሩ ነበር አይደል?» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና ልዋሻት አስቤ ነበር። «ድሮ ነው እህቴ፣ ረስቼዋለሁ» አልኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።» ሁለተኛውን ስትል ድምፅዋ ስለ ተሰበረ ወንበሩን ተቀበልኳት።

አልረሳሁም። በዚህ አገር ቴሌቪዥን ሲሞት ይጣላል እንጂ አይታከምም፤ እኔም እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኤርፖርት የሰው ሻንጣ ስጭን ነው የኖርኩት። ግን እጄ አመሉን አልተወም። በምኖርበት ሰፈር፣ ኡንተርሊደርባህ፣ ሰው የጣለውን ቴሌቪዥን ሁሉ መንገድ ዳር ሳገኝ ጀርባውን ፈትቼ ቦርዱን አወጣና ኬለር፣ ማለት ምድር ቤታችን ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ባለቤቴ ያንን ክፍል የሬሳ ክፍል ትለዋለች። እፈታለሁ፣ እለካለሁ፣ እበይዳለሁ፤ ለሰው ቤት ግን አልሠራም። አርባ ዓመት ሊጠጋ ነው፣ የማንንም ቴሌቪዥን አድኜ «በል አብራው» ብዬ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ዘግይቼ ነው።

ሆኖም ቤቴ ጎራ ብዬ ቴስተሬን፣ መበየጃዬን፣ ከሬሳዎቹም ለጽጌ ቴሌቪዥን የሚቀርበውን አንድ ቦርድ በከረጢት ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጇ ሃና ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነርስ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ስትጠይቃት በጀርመንኛ የምትመልስ። ሳሎን ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎለት አገኘሁት። ጽጌ እንደ ታማሚ አስተኝታዋለች። ጀርባው ላይ በአጭር ገመድ የተንጠለጠለች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዲስክ አለች። «እሷን እንዳይነቅሏት» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ።

ታሪኩን ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ተፈራ ከመታመሙ በፊት አንድ መንፈሳዊ የሳተላይት ጣቢያ ለምስክርነት ጋብዞት ነበር። የተላለፈ ለታ ተፈራ ራሱ ሪሞቱን ይዞ፣ ለማንም አላስነካም ብሎ፣ በዚያች ዲስክ ቀዳው። ጣቢያው ዛሬ የለም። ተፈራ ደግሞ ሃንዲ፣ ማለት ሞባይል ላይ ድምፅ መላክ የማይወድ፣ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር፤ ፎቶ ሞልቷል፣ የሚናገርበት ግን ይኼ ብቻ ነው። ዲስኩን ሃና ኮምፒውተሯ ላይ ሞክራዋለች፣ አይከፍትም። ሱቅ ወስዳዋለች፤ እዚያ ያለው ልጅ የነገራትን እኔም አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን የቀዳውን ነገር ይቆልፈዋል፣ ቁልፉም የሚቀመጠው እዚያው ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ፣ በትልቁ ቦርድ ላይ ነው። ሌላ ቴሌቪዥን አይከፍተውም፣ ያው ዓይነት ከዚያው ፋብሪካ የወጣ እንኳ ቢሆን። ትልቁ ቦርድ ከሞተ ተፈራ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለዘላለም የሚያወጣው የለም።

«ታዲያ ለምን ዛሬ? ነገ ተረጋግቼ፣ ዕቃም ገዝቼ አልሠራውም?» አልኳት።

«ነገ ጠዋት የዓይን ኦፔ ቴርሚን፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለኝ ጋሽዬ» አለች። «ግራው ካቆመ ሰንብቷል። ነገ የሚነኩት ቀኙን ነው። ዶክተሩ ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም፤ ሊድንም ሊጠፋም ይችላል አለኝ። እኔ ሌላ አልፈልግም። ሳይነኩት በፊት ተፈራን ሲንቀሳቀስ ልየው።»

ሃና ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና በጀርመንኛ ጣልቃ ገባች። እናቷ መተኛት አለባት፣ መናደድ፣ መጨነቅ፣ ጎንበስ ማለት የለባትም፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ካፑት ነው፣ ሞቷል፣ አበቃ። «ማማ፣ ቢተ»፣ እባክሽ ብላ ጨረሰች። ጽጌ ወደ ልጇ ዞር እንኳ አላለችም። የምታየው እኔን ነው፤ በዚያች በቀረች አንድ ዓይን፣ አንገቷን ትንሽ ዘመም አድርጋ። ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ።

ጀርባውን ስከፍት ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ኤሌክትሪክ የሚመግበው ቦርድ ቢጫ ነው፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ ይበልጣል። መሀሉ ላይ ጣት የሚያህል ኮንደንሰር ቆሟል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም አጠራቅሞ የሚይዝ፣ ሰው ሳይጠረጥረው የሚናከስ ነገር ነው። ድሮ እኛ በካቻቢቴ እናገናኘውና ጧ ሲል እንስቅ ነበር። አሁን በቴስተር ለካሁት፤ ባዶ ነው። ፊውዙን አየሁ፤ መስተዋቱ ውስጡ እንደ ምድጃ ጠቁሯል። ፊውዝ ሲጠቁር ዝም ብሎ አልተቃጠለም ማለት ነው፣ ከኋላው የገፋው አለ። ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፍ ካለባቸው ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ በሁለቱም በኩል ያሳልፋል። ጥፋተኛው ተገኘ አልኩ፤ ያመጣሁት ሬሳ ቦርድ ላይ ደግሞ ያው ዓይነት ዳዮድ አለ። ፊውዝ ግን የለም፤ የዚያኛውም ጠቁሯል። እሁድ ነው። በዚህ ከተማ እሁድ ቀን መርፌ እንኳ አይሸጥም።

ጽጌ ፊውዝ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ የእኛ አገር ሰው ሆኖ የማያውቅ የለም። «ተፈራ ድሮ ሽቦ ያደርግበት ነበር እኮ» አለች በየዋህነት። «ትንሽ የመዳብ ክር። አይሆንም?» ሽቦው ከረጢቴ ውስጥ ነበር። አንድ ዘለላ ስቤ አወጣሁ፣ በጣቶቼ መሀል ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው ማስተር አሰፋ ሱቅ ተመልሼ የገባሁት።

ማስተር አሰፋ ሱቅ ከአልጋ አይሰፋም ነበር። ደጁ ላይ «ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዋስትና እንጠግናለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ «በዋስትና» የምትለው ቃል በኋላ ስለ ተጨመረች ቀለሟ ይለያል። ማስተር አሰፋ መበየጃው ቦታ ቦታውን የበሳው ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን የሚጠርግ ቤል ቦተም ሱሪ፣ ከኋላ ኪሴ ማበጠሪያ ብቅ ብሎ። ፊት ለፊታችን ካሴት የሚሸጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ዘፈን ይደጋግመዋል፣ እኛም ሳንፈልግ የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር በቃላችን ያዝነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም፤ ሁለቱን ይዞ ከፒያሳ የሚወርዱትን ሴቶች ማየት ነጻ። ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ዕቃ አልነበረም፣ የቤተሰብ አባል ነበር። እንደ ቁም ሣጥን በር አለው፣ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ እመቤቲቱ ጡት መያዣ ውስጥ ያድራል። በላዩ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ማታ ማታ ባንዲራ ታይቶ ሲጀመር የጎረቤት ልጅ ሁሉ ወለሉ ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ዛሬ እዚህ እኔ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን አለ፣ የሚያያቸው ግን የለም፤ የልጅ ልጆቼ አንገታቸውን ደፍተው ሃንዲያቸውን ነው የሚያዩት።

ማስተር አሰፋ አንድ ሕግ ነበረው። ግድግዳው ላይ በጣውላ የተመታ የአምፖል ማቀፊያ አለ፤ በእሱ ላይ ባለ መቶ ሻማ አምፖል። የተጠገነ ቴሌቪዥን በቀጥታ መብራት አይሰጠውም፣ መብራቱ በዚያ አምፖል በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ውስጡ ገና ብልሽት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ጉልበቱን እሱ ይውጠዋል፣ ዕቃው ይተርፋል። ውስጡ ደህና ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል፣ ቴሌቪዥኑ ይነሣል። ዳኛው እንለው ነበር። «ዳኛው ሳይፈርድ ማንም አይፈታም» ይላል ማስተር አሰፋ፣ ጣቱን ወደ አምፖሉ ቀስሮ። ደንበኛ ቢቸኩል፣ ባለ ሥልጣን ቢቆጣ፣ ዳኛው ፊት ሳይቀርብ የሚወጣ ቴሌቪዥን አልነበረም። ከአንዷ በቀር።

ወይዘሮ በላይነሽ ከሱቃችን ጀርባ ነበር ቤታቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ወደ ጦር ግንባር የሚሄድበት ዘመን ነበር፣ እሱም ሄደ፣ አልተመለሰም። ከመሄዱ በፊት የተነሣት አንዲት ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ለመሳቅ ሲያስብ። ሌላ የላቸውም። ያን ቀን ትልቅ የኳስ ጨዋታ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ እሳቸው ቤት ሊያይ ተሰብስቧል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ሞቶ ተጋድሟል። ማስተር አሰፋ ለቅሶ ሄዷል። እኔ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለልኩ፣ ሠራተኛው፣ ብቻዬን ነኝ። ሰዉ ሱቁ ደጃፍ መጥቶ «በላቸው! በላቸው!» እያለ ያጨበጭባል። ምን ላድርግ? ኩራት ውስጤ ገባ። ሃምሳ ሳንቲም የሚገዛው ፊውዝ አልቆብኝ ነበርና በቦታው የመዳብ ክር አሠርኩበት። ዳኛው ፊት ማቅረብ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ተውኩት። ቤታቸው ሄጄ ሶኬቱን ስሰካ ቴሌቪዥኑ በራ፣ ሰዉ ጮኸ፣ አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ።

ጨዋታው ሳያልቅ ከጀርባው ጭስ ወጣ። ክሩ አልተበጠሰም፤ ፊውዝ ቢሆን ተበጥሶ ያስቀር የነበረውን እሱ ጠንክሮ አሳለፈው። ዳንቴሉ ተያያዘ፣ ከዳንቴሉ ወደ አቡጀዲው ኮርኒስ። ሰው ሁሉ በሰላም ወጣ፣ ቤቱም በባልዲ ውኃ ተረፈ። ያ ግድግዳ ግን ከነፎቶው ነደደ። ወይዘሮ በላይነሽ አልጮኹብኝም፣ አልረገሙኝም። ዓመት ያህል ቆይቶ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ጉንጬን እንደ ወትሮው ስመው «በልዬ፣ አንተን አልቀየምኩህም» አሉኝ። «ግን ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ማታ ማታ አፍንጫውን ከአባቱ አፍንጫ ጋር እያምታታሁ ነው።» ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሙያውን ተውኩት። ማስተር አሰፋ ሲለምነኝ ሌላ ሥራ አገኘሁ አልኩት፤ አላገኘሁም ነበር።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። ይኸው ፍራንክፈርት ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ ያቺው አንድ ምስል፣ ያቺው ሴት ማለት ይቻላል፣ ያው የመዳብ ክር በጣቴ መሀል። ክሩን ጠቅልዬ ከረጢቴ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። «አይሆንም» አልኳት፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። «አምፖል ነው የምፈልገው። የድሮ አምፖል፣ ባለ መቶ ሻማ፣ ውስጡ ክር ያለው።»

ጽጌ ተነሥታ መብራቶቿን ሁሉ አሳየችኝ፣ ሁሉም አዲሱ ዓይነት ነው፣ ለዳኝነት የማይሆን። የድሮው በዚህ አገር ከሱቅ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሃና ክንዷን አጣጥፋ ስታየን ቆይታ በጀርመንኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ፊቷ አልተፈታም፣ ግን ጃኬቷን ሳትለብስ ወጣች። ታች ፎቅ የሚኖሩ ፍራው ክራውዘ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ የድሮው አምፖል ሊቀር ነው ሲባል ገዝተው ኬለራቸውን የሞሉ፣ ለዚህም ሕንጻው ሁሉ ሲስቅባቸው የኖሩ። ሃና ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት አምፖል እንደ እንቁላል ይዛ መጣች። «የመጨረሻዋ ባለ መቶ ናት፣ መልሱልኝ ብለዋል» አለች በጀርመንኛ። ያን ጊዜ ሳላስበው ሣቅሁ።

ከሬሳው ላይ ዳዮዱን አንሥቼ በየድኩ። ከጠረጴዛ መብራት ላይ በፈታሁት ማቀፊያ አምፖሏን ፊውዙ በነበረበት ቦታ፣ በሁለቱ ጫፎች መሀል አገናኘኋት። ከመስኮቱ ውጭ ገና ብርሃን አለ፤ ከኢንዱስትሪ መንደሩ ጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጽጌን ወደ ኋላ ሂጂ አልኳት። ሃና እናቷን ትከሻዋን ይዛ ቆመች። ጌታ ሆይ አልኩና ሶኬቱን ሰካሁት።

አምፖሏ ቦግ አለች።

ቤቱን አበራችው። ግድግዳው ላይ የሦስታችን ጥላ ወጣ። ነቅዬ ጣልኩት፤ እንዴት እንደ ነቀልኩት አላስታውስም። ጽጌ ብርሃኑን አይታ «በራ! በራ!» አለች፤ ምስኪን፣ ጥሩ ነገር መስሏታል። የፍርዱን ትርጉም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያቺን የመዳብ ክር አስሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ውስጥ ይሄድ ነበር፤ ትልቁን ቦርድ፣ ቁልፉን፣ ተፈራን፣ ሁሉን በአንድ ጧታ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሃና ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ እሷን እኔ አስረዳታለሁ» አለችኝ በጀርመንኛ። ልተወውም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልተወው ተነሥቼ ነበር።

ግን ከረጢቴን ሳነሣ መነጽሬን አወለቅኩና፣ ሌላኛውን፣ የማንበቢያውን አደረግሁ፤ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ምናልባት ዓይኔን ለመጥረግ ነው። ቦርዱን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ዳዮድ አንድ ጫፉ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ በየት በኩል እንደሚቆም የሚናገር። እኔ ገልብጬ በይጄዋለሁ። ይህን ስሕተት ማስተር አሰፋ ሱቅ የገባሁ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንኳ አልሠራሁትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል፣ በእርጅናና በፍርሃት ብቻ አፈሰስኩ። «ቆዩ» አልኩ። «ቆዩ፣ ቆዩ።» ዳዮዱን አወጣሁት፣ አዞርኩት፣ መልሼ በየድኩት። ዳኛው ባይኖር ስሕተቴን የሚነግረኝ የተቃጠለው ቴሌቪዥን ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሰካ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ እያፈርኩ ነው የምናገረው። ዓይኔን ስገልጥ አምፖሏ ብልጭ ብላ፣ ደብዝዛ፣ ከውስጧ ክሯ ብቻ እንደ ፍም ቀልቶ አየሁ። ከቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ መብራት በራች። ቴሌቪዥኑን ሦስታችን ቀስ ብለን ከግድግዳው አስደግፈን አቆምነው፣ ጀርባው እንደ ተከፈተ፣ አምፖሏ በጎኑ ተንጠልጥላ። «ብዙ አልተማመንበትም» አልኩ። «ያበጡ ኮንደንሰሮች አሉበት፣ ሙቀት ሲሰማው ሊጠፋ ይችላል። አንድ ጊዜ ነው የምናየው።» ሃና ወዲያው ሃንዲዋን አወጣች። ከስክሪኑ ልትቀዳው ነው፤ ጀርመን አገር ያደገ ልጅ እንዲህ ነው፣ አይወያይም፣ ያደርጋል።

ተፈራ መጣ። ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ክራቫቱ ጠሟል፣ ማይክሮፎኑን እንደ መዶሻ ጨብጦታል። ለካ እኔ ራሴ የሳቁን ዓይነት ረስቼው ነበር። ጽጌ መጀመሪያ ሶፋው ላይ ነበረች፤ ሁለት ቃል ሳይናገር ተነሥታ ሄዳ ስክሪኑ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ አፍንጫዋ መስተዋቱን ሊነካ እስኪደርስ። ከራቀች አይታያትም። ሃና «ማማ፣ አይታይም፣ ሸፈንሽው!» አለች በጀርመንኛ፤ ማን ሰምቶ።

ተፈራ ወደዚህ አገር የመጣበትን ቀን እየተናገረ ነው፤ ጽጌ ቀድማው መጥታ፣ እሱ ሁለት ዓመት በየአገሩ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ። «ባለቤቴ አላወቀችኝም» ይላል ለሕዝቡ፣ እየሳቀ። «ከስቼ፣ ጠውልጌ፣ አጠገቤ ስታልፍ እኔ ነኝ የጠራኋት፤ ስሟን ስጠራ...»

«ውሸታም!» አለች ጽጌ።

ደነገጥኩ። ሃና እየቀዳች ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብያለሁ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም በይ አልኳት፣ አላየችኝም። «ውሸታም! ማነው ያላወቀህ? ገና ከባቡሩ ስትወርድ ያየሁህ እኔ ነኝ፣ ከዚያ ማዶ! በአረማመድህ! አንተ ነህ እንጂ ሌላ ሴት ስታይ የቆምከው!» ተፈራ ስክሪኑ ውስጥ «አለቀሰች» አለ። «አንተ ነህ ያለቀስከው! በሰው ፊት እንዲህ ይባላል?» ትለዋለች፣ በመዳፏ መስተዋቱን መታ መታ እያደረገች፣ ጉንጩ ላይ። ድምፅዋ የቁጣ ነው፣ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ዝም ሲል እሷ ትናገራለች፣ እሷ ስትተነፍስ እሱ ይቀጥላል። አንድ ቦታ ላይ በእውነት እንደሚሰማት ሰው ቆም አለ፤ ውኃ ሊጠጣ ነው። «ጠጣ፣ ጠጣ፣ አሁን እውነቱን ተናገር» አለችው።

ምስክርነቱ እስከ መጨረሻው ሄደ። «ክብር ለጌታ» ብሎ ጎንበስ ሲል ስክሪኑ ጠቆረ፤ ተበላሽቶ ሳይሆን አልቆ ነው፣ አምፖሏ አሁንም ቀልታለች። ጽጌ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው፣ ዓይኗ በፋሻ ነው፣ ፋሻው የሚፈታው ከነገ ወዲያ ነው፤ ምን እንደሚሆን አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ግን የሃናን ሃንዲ ነበር። ወስጄ አየሁት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የተፈራ ፊት ከመጀመሪያው ጥቂት ሰከንድ በቀር አይታይም፣ የጽጌ ማጅራትና ሻሿ ነው የሚታየው። ድምፁም ንጹሕ አይደለም፣ ከግማሽ በላይ የእሷ ክርክር ነው። የባለ ሙያ ንዴት ያዘኝ። «ቴሌቪዥኑ ገና አልጠፋም» አልኳት ሃናን። «እናትሽን ወደ ኋላ አድርጊያት፣ በጸጥታ ደግመን በደንብ እንቀዳዋለን። ይኼኛውን አጥፊው።»

ሃና ሃንዲዋን ከእጄ ወሰደች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፣ ረጅም ጊዜ፤ ውስጡ ሁለት ሰው ሲከራከር እኔም ከቆምኩበት ይሰማኛል። ቀና ስትል ዓይኖቿ ቀልተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«አላጠፋውም ጋሼ» አለች። «ቤታችን እንዲህ ነበር።»